ወፍ ሆኜ የተናገርኩት

የነፍስ አባቴ በተናዘዝኩ ቁጥር «የቀረ ነገር አለ?» ይሉኛል። እኔም ሁልጊዜ «የለም አባቴ» እላቸዋለሁ። ይፈቱኛል፤ መስቀላቸውን ተሳልሜ እነሳለሁ፤ ገና ከቅጥሩ ሳልወጣ ግን ዞሬ አያቸዋለሁ። አለ እኮ! የቀረ ነገር አለ። ለሚስቴ አልነገርኳትም። እህቴ ጌጤ እንኳ ግማሹን እንጂ ሙሉውን አታውቅም። ለደምሌማ በየት በኩል አፌን ልክፈት? ለእናንተ፣ ለማታውቁኝ፣ ብናገር ይቀለኛል ብዬ ጀመርኩ፤ አልቀለለኝም። ይህን ስጽፍ እንኳ እየተነሳሁ ወፍጮ ቤቴን እዞራለሁ፤ ያልተበላሸውን የሞተር ቀበቶ እነካካለሁ፤ ተመልሼ እቀመጣለሁ።

ነገሩ አጭር ነው። በሰው ላይ በሐሰት መሰከርኩ። የመሰከርኩበት ሰው ጓደኛዬ ነበር፤ ያሸከምኩት ጥፋት ደግሞ የራሴ ነበር።

ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ፣ ሽቅብ፣ የተከለለው ጫካ አለ። ከታች ጉሬዛ የሚዘልበት ጥቅጥቅ ያለ ደን ነው፤ ከፍ ሲሉ የአስታው ቁጥቋጦ ይመጣል፤ ከዚያ በላይ ጅባራና የጓሳ ሣር ብቻ ነው፤ ብርዱም ሌላ ብርድ ነው። ቀይ ቀበሮ የሚኖረው እዚያ ላይ ነው። እኔ የተወለድኩት ጫካው ጥግ ካለች መንደር ሲሆን ያኔ በቅሎ አከራይ ነበርኩ። ከከተማ ለሽርሽር የሚመጣውን ሰው፣ ከወግዲም ከከላላም የሚመጣውን፣ በተራችን እያፈናጠጥን የእግር መንገዱን እናስጎበኛለን። ደምሌ የጫካው ጠባቂ ነበር። ጠባቂውን የሚመርጠው መንደሩ ነው፤ ደምሌ ሲመረጥ እጁን ያላወጣ ሰው አላስታውስም። እንግዳ መጥቶ ቀበሮ ሳያይ ከተመለሰ ቤቱ እንግዳ ጦሙን ያደረ ያህል ያፍራል። ስለ ቀበሮ ግልገሎች ሲያወራ የልጆቹን ነገር የሚያወራ ስለሚመስል «ደምሌ፣ ክርስትናቸው መቼ ነው?» እያልኩ አበሽቀው ነበር።

መንደሩ ውሻ ወደ ጫካው እንዳይገባ ቃል ተግባብቷል። ውሻ በሽታ ያስገባል፤ ግልገልም ይፈጃል። ቀበሮ በምትወልድበት ወቅት ደግሞ ወደ ጉድጓዷ የሚወስደው መንገድ ላይ ድንጋይ ይደረደራል። ቁመቱ ከጉልበት አያልፍም፤ ማንም ሊረግጠው ይችላል፤ ግን ማንም አይሻገረውም። ደምሌ ራሱ ከድርድሩ ወዲህ ሆኖ ነው የሚያያት።

እህቴ ጌጤ ከጅዳ የተመለሰችው በዚያ ወቅት ነው። ስትሄድ የነበረችው ልጅ አልነበረችም። ስንጠራት ትደነግጣለች፤ ምግብ ቀርቦ «ብዪ» ካልተባለች እጇን አትዘረጋም። እናቴ እየደበቀች ታለቅስ ነበር። አንድ ጠዋት ጌጤ ከራሷ አፍ «ወንድምዓለም፣ ጫካውን አሳየኝ እስቲ» ስትለኝ የሆንኩትን ደስታ ለመናገር ቃል የለኝም። በቅሎዬን ጫንኩ። ውሻችንን ዳማን ደግሞ ጓሮ አሰርኩት። ዳማ ስሙን ያገኘው ከቀይ ዳማ መልኩ ነው። ጌጤ ከመሄዷ በፊት ያሳደገችው ቡችላ ነበር፤ አብሮት የተወለደውን፣ መልኩም ቁርጥ እሱን የሆነውን፣ ለደምሌ ሰጥቼው መከታ ብሎ አሳድጎታል።

የጫካው በር ላይ ደምሌ ጌጤን ሲያይ ኮፍያውን አወለቀ። «እንኳን ለአገርሽ አበቃሽ! ግቢ፣ ቤትሽ ነው» አላት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «አበራ፣ ዳማን አስረኸዋል አይደል? ቀበሮዋ ወልዳለች እኮ» አለኝ።

«አስሬዋለሁ» አልኩት። እውነቴን ነበር።

አስታውን አልፈን ጅባራው ጋ ስንደርስ ከኋላችን ዳማ መጣ። የበጠሰውን ገመድ እየጎተተ፣ ምላሱን አውጥቶ፣ ጌጤን ከበቅሎው ሊጥላት ምንም አልቀረው። እሷም ከበቅሎው ወርዳ አንገቱን አቅፋ ሳቀች። ከመጣች ጀምሮ ስትስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ነው። መመለስ ነበረብኝ። ይህን አውቅ ነበር፤ አላውቅም ነበር ብዬ ልዋሻችሁ አልፈልግም። ግን ሳቋን አየሁና ተውኩት። እዚያ ላይ ብቆም ኖሮ ደግሞ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ። እሷን የበለጠ ላስደስታት ብዬ «ግልገል ላሳይሽ?» ያልኳት እኔ ነኝ። እሷ አልጠየቀችኝም። ድንጋዩን ቀድሜ የተሻገርኩት እኔ ነኝ፤ እጇን ይዤ ያሻገርኳት እኔ ነኝ። ዳማ ማንም ገመዱን ሳይዘው ከኋላችን ተሻገረ፤ ከዚያ ቀደመን።

ጩኸቱን ከሰማሁት በኋላ ነው የሮጥኩት። ስደርስ ሁሉም ነገር አልቆ ነበር። ግልገሎቹ ገና ዓይናቸው በቅጡ ያልተከፈተ፣ ጥቁር ጠጉራቸው ያልተለወጠ ነበሩ። እናቲቱ ከላይ ከቋጥኙ ላይ ወዲያና ወዲህ እየተሯሯጠች ትጮኻለች። ጌጤ አፏን በነጠላዋ ይዛ ቆማለች። እኔስ ምን አደረግሁ? አፈር መለስኩባቸው። ዳማን ጅረት ወስጄ አፉን አጠብኩት። እየተቻኮልኩ፣ ዙሪያዬን እያየሁ፣ እንደ ሌባ።

ማዶ ማሳዋ ላይ ባቄላ የምታጭድ ሴት ግን አይታ ነበር። «ሰው አልለየሁም፤ ውሻው ግን መልኩ ዳማ ነው» አለች። በመንደራችን እንዲያ ያለ መልክ ያላቸው ውሾች የእኔና የደምሌ ብቻ ነበሩ።

ስለዚህ አውጫጭኝ ተጠራ። የማታውቁት ካላችሁ፣ አጥፊው ያልታወቀ እንደሆነ መንደሩ በሙሉ ወይራው ሥር ይሰበሰባል፤ ጥፋተኛው ሳይለይ አይበተንም። ሰው በአደባባይ ጎረቤቱን መጠቆም ስለሚፈራ ሽማግሎቹ የሚያምኑትን ሰው በስውር ይመርጣሉ። እሱ ያየውን ለብቻው በጆሯቸው ይነግራቸዋል። ያ ሰው ወፍ ይባላል። ወፉ ማን እንደሆነ ሽማግሎቹ እስከ መቃብራቸው አይናገሩም። ይህ ሥርዓት ደካማውን ከጉልበተኛ እንዲጠብቅ የተሠራ ነው፤ እኔ ግን መደበቂያ አደረግሁት።

የመረጡት እኔን ነበር። ለምን? መንገዱን ስለምውልበት። ደግሞም ጌጤን አስከትዬ መሄዴን ደምሌ ራሱ ሲመሰክር «ውሻውን አስሮት ነበር፤ አበራ አይዋሽም» ብሏቸው ነበር። አያችሁት? ያሳመነልኝ እሱ ነው።

ሼህ ሙሄ ከወይራው ራቅ አድርገው ወሰዱኝ። የአገሩ ሽማግሌ ናቸው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም ካለሳቸው እርቅ አይቀመጥም። እጄን ያዙኝና፣ «አበራዬ፣ አላህም እግዜርም ይሰማል። ያየኸውን ብቻ በለኝ» አሉኝ።

አፌን ወደ ጆሯቸው አስጠጋሁ። «የደምሌ መከታ ነው። ያን ቀን ጠዋት ከኋላው ሲሄድ አይቼዋለሁ» አልኳቸው።

«ወላሂ በል» አሉኝ፣ ክርስቲያን መሆኔን ረስተው። ወዲያው ደግሞ «አፉ በለኝ፣ ይቅር በለኝ፤ በራስህ እምነት ማል» አሉኝ። ማልኩ። በተጠመቅኩበት ማልኩ። እጄን ሳይለቁ መሬት መሬት አዩ። ምናልባት አንድ ጊዜ እንኳ ደግመው ቢጠይቁኝ እናዘዝላቸው ነበር እላለሁ። እንዴት ያለ ከንቱ ነገር ነው! የኔን እውነት ለማውጣት የእሳቸው ጥያቄ ነው የጎደለው?

ለምን አደረግሁት? ለዓመታት ለራሴ «ለጌጤ ብዬ ነው፤ በዚያ ሁኔታዋ ሰው ፊት ቢያቆሟት ትሞትብኝ ነበር» ስል ኖሬአለሁ። ጌጤን ማንም አያቆማትም ነበር። የምቆመው እኔ ነበርኩ። የምባረረው ከበቅሎው ተራ እኔ ነበርኩ። ፈራሁ፤ ይኸው ነው።

ደምሌ ማለ፤ ተገዘተ፤ አልሰሙትም። ሚስቱ ከላላ እናቷ ጋ ሄዳ ስለነበር መከታ ያን ቀን ቤት መዋሉን የሚመሰክርለት ሰው አልነበረውም። ጥበቃውን ተነጠቀ። ጫካው እንዳይደርስ፣ ከጓሳውም እንዳይካፈል ተፈረደበት። መከታ ይገደል ተባለ። ደምሌ በማግስቱ ቤቴ መጣና በሩ ላይ ቆሞ፣ «አበራ፣ እኔ ልይዘው አልቻልኩም፤ አንተ ያዝልኝ፤ እጅህ ላይ የተወለደ ነው» አለኝ። ሄድኩ። ገመዱን ያዝኩ። መከታ እኔን ሲያይ ጅራቱን ቆላ። ሚሊሻው እስኪተኩስ ድረስ ቆላ። ያን ገመድ ይዞ የቆመ እጅ ይኸው ዛሬ የሚጽፈው እጅ ነው። ዳማን ወግዲ ላለ ዘመድ ሰጠሁት፤ አርጅቶ፣ ጥርሱ ረግፎ፣ ጥላ ሥር ተኝቶ ሞተ አሉ።

ደምሌ ብዙ አልቆየም። በጅቡቲ በኩል ባሕሩን ሊሻገር ሲነሳ ሊሰናበተኝ መጣ። ወፉን ሲያስስ ከስቶ ነበር። የእያንዳንዱን ሰው ፊት እየመረመረ፣ ማን ዓይኑን እንደሰበረ፣ ማን ሰላምታ እንዳሳጠረ እያሰላሰለ። ታላቅ ወንድሙ ይመር በዚያ ዓመት ከእሱ ጋር በአባታቸው መሬት ወሰን ተጣልቶ ነበር። ደምሌ በቀስታ፣ «ይመር ይሆን?» አለኝ።

እኔ አንገቴን ደፋሁ።

በሽማግሌው ጆሮ ከተናገርኩት ይልቅ ያ መድፋት ይከብደኛል። የመጀመሪያውን ፈርቼ ነው ያደረግሁት፤ ይህኛውን ምን ብዬ ልጥራው? አንገቴን ስደፋ ምን እንደማደርግ አውቅ ነበር። ደምሌ እጄን ጨብጦ፣ «ገባኝ። አንተ ክፉ መናገር አትችልም» አለኝና ሄደ።

ከዚያ በኋላ ኑሮዬ ተስተካከለ። ጌጤ ዳነች፤ አገባች፤ ተመልሳ ከአገር ወጣች፤ በላከችልኝ ብር መካነ ሰላም ከተማ ወፍጮ ተከልኩ። አንድ ጊዜ በስልክ ስናወራ በድንገት «ደምሌ ደህና ነው?» አለችኝ። «ይሄ ኔትወርክ» ብዬ ዘጋሁት። ወፉ እኔ እንደሆንኩ አታውቅም፤ ስለ ውሻው ግን ታውቃለች፤ ሁለታችንም እያወቅን ስለ ዝናብ እናወራለን። ወፍጮው ደግሞ ጩኸታም ነው። ሞተሩ ሲጮህ ምንም አላስብም። ሞተሩ ሲቆም ግን መቀመጫ አጣለሁ፤ እወጣለሁ፤ እገባለሁ፤ ሚስቴ «ምን ነክቶህ ነው እንዲህ የምትቁነጠነጠው?» ትለኛለች።

ደምሌ ከሳዑዲ ተጠርዞ ተመለሰ። ድንበር ላይ የተመታ እግሩን እየጎተተ መጣ። ከይመር ጋር አልተነጋገረም። እህሉን ግን ወደ እኔ ወፍጮ ያመጣ ነበር፤ ከሌላው ይልቅ እኔን መርጦ።

ከዚያ ይመር ታመመ። ጉበቱ ነው አሉ፤ ሆዱ አብጦ ፊቱ ጠቁሮ ነበር። ልጠይቀው ስሄድ ከአልጋው ቀና ብሎ፣ «አበራ፣ አንተ ትቀርበዋለህ። በሞቴ፣ ና በልልኝ። ምን እንዳደረግሁት አላውቅም፤ ወሰኑንም እኮ ያኔውኑ ትቼለት ነበር። ያላወቅሁትን ጥፋት አፉ ይበለኝና ልሙት» አለኝ።

መልእክቱን አደረስኩ። ሰዎች ሆይ፣ ስሙኝ፤ መልእክቱን አደረስኩ፤ ያን ብቻ አደረስኩ! ደምሌ፣ «ወፍ ከሆነብኝ ሰው ደጅ አልሄድም። ያጠፋውን በአፉ ይናገርና ያን ጊዜ» አለኝ። አጠገቡ ነበርኩ። «ወፉ እሱ አይደለም» የሚለው ቃል ስንት ትንፋሽ ይወስዳል? አፌ ውስጥ ነበር፤ ምላሴ ላይ ነበር። «እሺ፣ አንተ ታውቃለህ» ብዬ ተነስቼ ሄድኩ። ለይመር ደግሞ «ይመጣል፤ አብሽር» አልኩት። በር በሩን እያየ ሞተ። ደምሌ ቀብር አልወጣም።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ ደምሌ ወፍጮ ቤቴ መጥቶ፣ «ጫካውን አሳየኝ» አለኝ። ጌጤ ያለችኝን ቃል በቃል ነው ያለው። እግዱ ከተረሳ ቆይቷል፤ እሱ ግን ከዚያ ወዲህ ረግጦት አያውቅም። ዛሬ እነግረዋለሁ ብዬ ሄድኩ። በቅሎ ተከራየሁለት፤ አልቀመጥም ብሎ ልጓሟን ይዞ አነከሰ። በሩ ላይ ያለው አዲስ ጠባቂ አላወቀውም፤ «አባት፣ መንገዱን ያውቁታል?» አለው። «ጥቂት ጥቂት» አለ ደምሌ። ጉሬዛው ጋ ልናገር አልኩ፤ ከኋላችን ጎብኚዎች መጡ። አስታው ጋ ልናገር አልኩ፤ እግሩን አሞት ተቀመጠ፤ ይረፍ አልኩ። ለመናገር የማይመች ቦታ ስፈልግ መንገዱ አለቀ።

የድንጋዩ ድርድር እንዳለ ነው። ደምሌ ከወዲህ ቆመ። ብዙ ቆየን። ከዚያ ከጓሳው ውስጥ ቀበሮ ወጣች፤ ቀይ፣ ረጅም ቅልጥም፣ አይጥ ጉድጓድ ላይ አድብታ ቆመች። ደምሌ እንደ ድሮው እጄን ያዘኝ። «ያቻት» አለ። ዓይኑ ሞልቶ ነበር። ኮፍያውን አወለቀና ወደ ባዶው ሜዳ፣ «ይመር፣ ወንድሜ፣ አፉ ብዬሃለሁ። ወፍ ብትሆንብኝም አፉ ብዬሃለሁ። አፈር ሳላለብስህ የቀረሁትን አንተም አፉ በለኝ» አለ።

እኔ ሳላስበው፣ ሳልፈልገው፣ «እግዜር ይስጥልኝ» አልኩ።

ደምሌ ቀስ ብሎ ዞረ። «ምን አልክ?»

«ምንም።»

«አንተ ለምንድን ነው የምታመሰግነኝ?»

የበቅሎዋን አንገት ማሻሸት ጀመርኩ። ኮርቻውን አጠበቅሁ፤ ፈታሁ፤ እንደገና አጠበቅሁ። ደምሌ አየኝ። አንገቴን ደፍቼ ነበር፤ ያኔ እንደደፋሁት አድርጌ። ልጓሟን ከእጄ ወስዶ፣ ብቻውን፣ እግሩን እየጎተተ ወረደ። ከዚያ ቀን ወዲህ ወፍጮ ቤቴ አልመጣም። ልጁ እህል ተሸክማ በደጄ አልፋ ወደ ሌላው ወፍጮ ስትሄድ አያታለሁ።

ገብቶት ይሆናል። ሲገባው ደግሞ ወንድሙን ለምን እንዳልቀበረ አብሮ ይገባዋል። እኔ ግን በመገመቱ ተናዘዝኩ ማለት አልችልም። ያ ሥራዬን ለእሱ መተው ነው፤ እንደ መከታ ገመድ እሱ ያልቻለውን እኔ ያዝኩ፣ እኔ ያልቻልኩትን ደግሞ እሱ ይያዝ ማለት ነው።

የይመር ሙት ዓመት ደርሷል። መንደሩ እዚያው ወይራው ሥር ይሰበሰባል። ሼህ ሙሄ አሉ፤ አርጅተዋል፤ ጆሯቸው ከብዷል። ያኔ በሹክሹክታ ሰምተውኛል። አሁን እንዲሰሙኝ መጮህ አለብኝ፤ ስጮህ ደግሞ ሁሉም ይሰማል። እንዳልከዳ ነው አስቀድሜ ለእናንተ የጻፍኩት።

ደምሌ፣ ውሻው የእኔ ነበር። ወፉ እኔ ነበርኩ። ይመር ምንም አላደረገህም። አፉ በለኝ አልልህም፤ ይቅርታህን ጫካው ላይ ሰጥተኸዋል፤ ለማይገባው ለእኔ ሳይሆን ምንም ላላጠፋ ሰው ሰጥተኸዋል። እዚያው ይሁን። ከእሱ ላይ አልወስድም።